ሸመታው የማን ነው? የትናንሽ አገሮችን የፍጆታ ቁጥር ስለማንበብ

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች በየሦስት ወሩ ከሚያወጧቸው መግለጫዎች ውስጥ ለጋዜጣ ርዕስ እጅግ የሚመች አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «የቤተሰብ ፍጆታ በዚህን ያህል በመቶ አደገ» የሚለው። ሚኒስትሩ ኑሮ ለመሻሻሉ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። የባንክ ተንታኙ የወለድ መጠን ይጨመር ወይስ ባለበት ይቆይ በሚለው ክርክር ውስጥ ያስገባዋል። ተራው አንባቢ ደግሞ የራሱን ኪስ ዳስሶ «ታዲያ እኔን ምን ነካኝ?» ይላል። በትልቅ አገር ቁጥሩ ጉድለት ቢኖረውም በአመዛኙ የቤተሰቡን ኑሮ ይከተላል። በትንሽ አገር ግን ስለ ጎረቤት አገር ታክስ፣ ስለ ምንዛሪ ዋጋ፣ ስለ ቱሪስት ብዛትና ስለ ሐዋላ እየተናገረ የቤተሰብ ፍጆታ የሚል ስም የሚለጠፍበት ጊዜ ብዙ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትንሽ ሲባል የሕዝብ ቁጥር ወይም የቆዳ ስፋት ብቻውን አይበቃም። ለኢኮኖሚ ባለሙያ ትንሽ አገር ማለት የምትገዛውም ሆነ የምትሸጠው ነገር ዋጋ ከድንበሯ ውጭ የሚወሰንባት፣ ገዛችም አልገዛችም የዓለም ገበያ ንቅንቅ የማይልላት ናት። መኪናው፣ ስልኩ፣ መድኃኒቱና ነዳጁ ከውጭ ይገባል። ቤተሰቡ አንድ ተጨማሪ ገንዘብ ባወጣ ቁጥር ከዚያ ውስጥ ትልቁ ክፍል ለውጭ አምራች የሚሄድ ነው።

በአብዛኞቹ አገሮች የቤተሰብ ፍጆታ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይይዛል። በትናንሾቹ ዘንድ ግን ይህ ድርሻ መያዣ መጨበጫ የለውም። በአየርላንድ በቅርብ ዓመታት ሩብ ገደማ፣ በሉክሰምበርግ ሲሶ ገደማ ሆኗል። በሌሶቶ ደግሞ በ1980ዎቹ የቤተሰብ ፍጆታ ከአገሪቱ ምርት ጠቅላላ ድምር ይበልጥ ነበር። አገሩ ካመረተው በላይ ቤተሰብ እንዴት ይሸምታል? የሌሶቶ ወንዶች በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጉልበታቸው ያወጣው ወርቅ በሌሶቶ ምርት ውስጥ አይቆጠርም፤ ሚስትና ልጆቻቸው በተላከው ደመወዝ የሸመቱት ግን በሌሶቶ ፍጆታ ውስጥ ይቆጠራል። የሉክሰምበርግ ታሪክ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅየምና ከጀርመን ጠዋት ገብተው ማታ የሚመለሱት ሠራተኞች ከ200 ሺህ በላይ ሲሆኑ ከአገሪቱ የሥራ መደቦች ግማሽ የሚጠጋውን ይዘዋል። ሥራቸው በሉክሰምበርግ ምርት ይመዘገባል፤ የልጆቻቸው ጫማና የቤታቸው ኪራይ የሌላ አገር ፍጆታ ነው።

አየርላንድን የሚያስቸግራት ሰው ሳይሆን መዝገብ ነው። ታላላቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የፈጠራ መብቶቻቸውንና ትርፋቸውን በአየርላንድ ስም ያሰፍራሉ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ የ2015 የአገር ውስጥ ምርት በ26 በመቶ ገደማ አደገ ብሎ በጁላይ 2016 ሲያስታውቅ የዓለም ኢኮኖሚስቶች ተሳሳቁ። በደብሊን ጎዳና ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ኑሮው በሩብ የተሻሻለለት ሰው የለማ! በዚህ የተነሣ በጊዜው የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ በነበሩት በፊሊፕ ሌን የሚመራ ቡድን ተሰይሞ የኩባንያዎቹን የመዝገብ ዝውውር የሚቀንስ የተስተካከለ ብሔራዊ ገቢ የሚባል መለኪያ ከ2017 ጀምሮ መውጣት ጀመረ። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ዩሮስታት በበኩሉ አገሮችን በነፍስ ወከፍ ምርት ብቻ አያወዳድርም፤ ቤተሰቦች በእጃቸው የገባውን ዕቃና አገልግሎት ለብቻው ያሰላል። በ2022 የአየርላንድ የነፍስ ወከፍ ምርት ከኅብረቱ አማካይ ከእጥፍ በላይ ሲሆን በዚህ በሁለተኛው መለኪያ ግን ከአማካዩ አልበለጠችም።

ይህ ሁለተኛው መለኪያ በተለይ መታወቅ የሚገባው ነው። በአንዱ አገር ሕመምተኛ የሆስፒታል ወጪውን ከኪሱ ይከፍላል፤ በሌላው መንግሥት ከታክስ ይከፍልለታል። ተራው የቤተሰብ ፍጆታ ቁጥር የመጀመሪያውን አገር ሰው የበለጠ ሸማች አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው ያገኙት። መንግሥት በግለሰብ ስም የሚያቀርበውን ጤናና ትምህርት ሲደምሩት ብቻ ነው ንጽጽሩ ፍትሐዊ የሚሆነው። አንድ መንግሥት የትምህርት ክፍያ ሲጥል የቤተሰብ ፍጆታ «ያድጋል»፤ ይህን ዕድገት ብሎ የሚያጨበጭብ ቤተሰብ ግን አይገኝም።

የቤት ኪራይም የራሱ ጉድ አለው። በራሱ ቤት የሚኖር ሰው በብሔራዊ ሒሳብ አያያዝ አከራይም ተከራይም ራሱ ነው። ቤቱ ቢከራይ ያወጣ የነበረው ዋጋ ተገምቶ ለራሱ እንደከፈለ ይጻፍበታል። ከአውሮፓ ኅብረት ቤተሰቦች ወጪ ሩብ የሚሆነው መኖሪያ ቤት፣ ውኃ፣ መብራትና ነዳጅ በሚለው ምድብ ሥር ሲመዘገብ ከዚያ ውስጥ ብዙው ከማንም ኪስ ያልወጣ ገንዘብ ነው። ግምቱ ያለ ምክንያት አልገባም፤ ባይኖር ኖሮ ሕዝቡ በአብዛኛው የቤት ባለቤት የሆነበት አገር ከተከራዮች አገር ድሃ መስሎ ይታይ ነበር። ሆኖም በአንዲት ትንሽ ዋና ከተማ የኪራይ ዋጋ ሲሰቅል አርባ ዓመት በኖሩበት ቤት ውስጥ የተቀመጡ ጡረተኛ እናት ምንም ሳይገዙ ወጪያቸው በዝቶ መታየቱ አይቀርም።

ድንበር ተሻግሮ የሚሸመት

በትንሽ አገር ድንበሩ ቅርብ ነው። ከዋና ከተማው ተነሥቶ ጎረቤት አገር ሸምቶ ለእራት መመለስ የሚቻልባቸው አገሮች ጥቂት አይደሉም። የብሔራዊ ሒሳብ ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ ሁለት ዓይነት ድምር ይይዛሉ። አንደኛው በአገሩ መሬት ላይ የተሸመተውን ሁሉ፣ የእንግዳውንም ጭምር ይቆጥራል። ሁለተኛው የአገሩ ነዋሪዎች የትም ይሁኑ የትም ያወጡትን ይይዛል፤ እዚህ ላይ ለመድረስ ቱሪስቱ ያወጣው ይቀነሳል፣ ነዋሪው በውጭ ያወጣው ይደመራል። የመደብሮች የሽያጭ መረጃ ግን ማን እንደገዛ አይጠይቅም። ጋዜጣ ላይ ቶሎ የሚወጣውም እርሱ ነው።

የኢስቶኒያና የላትቪያ የአልኮል ንግድ ይህን ወለል አድርጎ ያሳያል። ለብዙ ዓመታት ፊንላንዳውያን ከሄልሲንኪ በመርከብ ተሻግረው ታሊን ውስጥ ቢራና አረቄ በካርቶን ይጭኑ ነበር፤ በአገራቸው ታክሱ ከባድ ነውና። ኢስቶኒያ ኤክሳይዝ ታክሷን ደጋግማ አሳደገች፤ በ2017 የቢራውን በአንድ ጊዜ 70 በመቶ ጨመረችበት። ያን ጊዜ የኢስቶኒያ ሰዎች በተራቸው መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ደቡብ፣ ወደ ላትቪያ ይነዱ ጀመር። ቫልጋና ቫልካ የሚባሉት ከተሞች ድንበሩ መሐላቸውን የሰነጠቃቸው አንድ ከተማ ናቸው፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ለመሄድ መንገድ መሻገር ይበቃል። በላትቪያ በኩል በዚያ ሕዝብ ብዛት የማይገመት ስፋት ያላቸው የመጠጥ መደብሮች በድንበሩ ጥግ በቀሉ። በመጨረሻ ኢስቶኒያ በጁላይ 2019 የቢራና የጠንካራ መጠጥ ኤክሳይዝ ታክስን በሩብ ቀነሰች፤ ላትቪያ ገበያዋ እንዳያመልጣት በቀጣዩ ወር የጠንካራ መጠጡን በ15 በመቶ ዝቅ አደረገች።

እንግዲህ እነዚህን ዓመታት በሽያጭ መረጃ ብቻ የሚያነብ ሰው የኢስቶኒያ ሕዝብ መጠጥ ቀነሰ፣ የላትቪያ ሕዝብ ደግሞ ጠጪ ሆነ ብሎ ሊደመድም ይችላል። የጤና ባለሥልጣኑ ፖሊሲያችን ሠራ ይላል፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ታክሱ የት ገባ እያለ ይጨነቃል። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ቁጥር ነው። ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ ከሉክሰምበርግ ማደያዎች የሚቀዳውን ነዳጅ በሕዝቧ ብዛት ያካፈለ ሰው የአገሬው ሰው ከመሪ ላይ የማይወርድ ይመስለዋል።

አይስላንድ ደግሞ ከማንም ጋር የምትዋሰነው መሬት ሳይኖራት ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟታል። በ2010 ግማሽ ሚሊዮን የማይሞላ የነበረው የጎብኚ ቁጥር በ2017 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ የአገሬው ሕዝብ ግን 340 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ አገር የምግብ ቤት ሽያጭ መጨመር ስለ አገሬው ቤተሰብ የሚነግረን ነገር ኢምንት ነው። እንዲያውም ቱሪስቱ ያናረው የኪራይና የምግብ ቤት ዋጋ አገሬው ሰው ቤቱ እንዲበላ ሊያደርገው ይችላል።

ገንዘቡ ከየት መጣ

ሰው የሚሸምተው ከገቢው፣ ከቁጠባው፣ ከብድር ወይም ሌላ ሰው ከላከለት ነው። የፍጆታ ቁጥር አራቱን አይለይም። በቶንጋ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በቅርብ ዓመታት ከአገር ውስጥ ምርቱ 40 በመቶ አካባቢ ደርሷል፤ በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ የሚኖሩት፣ እንዲሁም በየወቅቱ ለእርሻ ሥራ የሚሄዱት ዘመዶች የሚልኩት ነው። የቶንጋ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚሸምት ለመገመት የቶንጋን እርሻ ከማየት የኦክላንድን የሥራ ገበያ ማየት ይቀላል። ሐዋላ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ አገር ቤት አደጋ ሲደርስ ይጨምራል እንጂ አይሸሽም። የባንክ ብድር ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው።

ከቁጠባ የመጣ ፍጆታ ምን እንደሚመስል ኢስቶኒያ በ2021 አሳይታለች። አገሪቱ ሠራተኛው በግዴታ ያጠራቅም የነበረውን ሁለተኛ የጡረታ ፈንድ በፈቃድ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኦክቶበር 2020 ሕጉ ጸደቀ። በሴፕቴምበር 2021 የመጀመሪያው ክፍያ ሲፈጸም 150 ሺህ ገደማ ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ዩሮ የሚሆን ገንዘብ አወጡ፤ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ነውና ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ሕፃን አዋቂ ሳይለይ፣ አንድ ሺህ ዩሮ ቢከፋፈል እንደማለት ነው። ለጡረታ ዕድሜ ያልደረሰው 20 በመቶ የገቢ ታክስ ተቆርጦበታል። ገሚሱ ዕዳውን ከፈለ፤ ገሚሱ ባንክ አስቀመጠው፤ ሌላው መኪናና የቤት ዕቃ ገዛ። በዚያ ወቅት የፍጆታው ቁጥር ሲያድግ ማንም ሰው አዲስ ሀብት አልፈጠረም። የ2050ዎቹ ጡረተኛ የሚበላው ነው ቀድሞ የተበላው።

በቀጣዩ ዓመት በኦገስት 2022 የኢስቶኒያ የዋጋ ግሽበት 25 በመቶ ገደማ ደረሰ። የጡረታውን ገንዘብ ዋና ተጠያቂ ማድረግ ስሕተት ይሆናል፤ ሩሲያ በዩክሬን ላይ በከፈተችው ጦርነት የናረው የኃይል ዋጋ ነበር ዋናው። ሆኖም ሰው ኪሱ ሞልቶ ባለበት ሰዓት ነጋዴ ዋጋ ለመጨመር ድፍረት ያገኛል። በ2023 የቤተሰብ ፍጆታ ቀነሰ።

ምንዛሪ ሲወድቅ

የምንዛሪ ዋጋ የቤተሰብ ጓዳ ድረስ እንዴት እንደሚገባ ለማየት እንደገና ወደ አይስላንድ፣ በዚህ ጊዜ ወደ 2008 መመለስ ግድ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ወደ ግል የተዛወሩት ባንኮች ከውጭ በተበደሩት ገንዘብ አብጠው ነበር። ክሮና የሚባለው ገንዘብ ጠንካራ ነበር፤ ጠንካራ ገንዘብ ባለበት አገር ከውጭ የሚገባ መኪና ርካሽ ነው። የአገሬው ወለድ ከፍተኛ ስለነበር ብዙ ቤተሰቦች የመኪና ብድራቸውን በጃፓን የንና በስዊዘርላንድ ፍራንክ ስሌት ወሰዱ፤ ደመወዛቸው በክሮና ነው፣ ዕዳቸው በየን። በኦክቶበር 2008 ግሊትኒር፣ ላንድስባንኪና ካውፕቲንግ የተባሉት ሦስት ታላላቅ ባንኮች በጥቂት ቀናት ልዩነት ወደቁ። ክሮና በዓመቱ ውስጥ ከዩሮ አንጻር ግማሽ ገደማ ዋጋውን አጣ፤ በጃንዋሪ 2009 ግሽበቱ 18.6 በመቶ ደረሰ።

አሁን ያንን ቤተሰብ እናስበው። ሥራው ገና ከእጁ አልወጣም፣ ደመወዙ አልተቀነሰም። ነገር ግን የመኪናው ዕዳ በክሮና ሲሰላ እጥፍ ሆኗል፤ መኪናውን ሸጦ ዕዳውን መክፈል አይችልም። የቤቱ ብድር ከዋጋ ግሽበት ጋር የታሰረ ስለሆነ ዋና ዕዳው ራሱ በየወሩ ያድጋል። ሱቅ ሲገባ ከውጭ የመጣው ሁሉ ተወዷል። ይህ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚቆርጠው ምንድን ነው? ምግብ አይቆርጥም። ሊያቆይ የሚችለውን ነገር ያቆያል፤ መኪና፣ ሶፋ፣ የውጭ አገር ጉዞ። የአይስላንድ የቤተሰብ ፍጆታ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀንስ የአዲስ መኪና ምዝገባ ግን በ2009 ከ2007ቱ ከ80 በመቶ በላይ ወርዶ ነበር። ያገለገሉ መኪኖች ወደ ውጭ አገር ሲላኩ ታዩ፤ መኪና የማትሠራ ደሴት መኪና ላኪ ሆነች። ማክዶናልድስ በኦክቶበር 2009 መጨረሻ ሬይክያቪክ ውስጥ የነበሩትን ምግብ ቤቶቹን ዘጋ፤ ከጀርመን የሚያስመጣው ሥጋ፣ አይብና ማሸጊያ በክሮና እጥፍ ገደማ ሆኖበት ዋጋውን ወደ ሸማቹ ማዞር አልቻለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2010 ከውጭ ምንዛሪ ጋር የታሰሩት የክሮና ብድሮች ሕገ ወጥ ናቸው ብሎ እስኪፈርድ ድረስ ሰዉ ያንን ዕዳ ተሸክሞ ቆየ።

ላትቪያ በዚሁ ጊዜ ሌላ መንገድ ያዘች። ገንዘቧ ላት ከዩሮ ጋር የታሰረ ነበር፤ መንግሥቷ ማሰሪያውን ላለመፍታት ቆረጠ። ምንዛሪው ካልወደቀ የሚወድቀው ደመወዝ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተቆረጠ፣ በ2009 የአገር ውስጥ ምርቱ ከ14 በመቶ በላይ ወረደ፣ ሥራ አጥነቱ 20 በመቶ ደረሰ ለማለት ትንሽ ቀረው። በአይስላንድ ዋጋው ወጣ፣ በላትቪያ ደመወዙ ወረደ። የቤተሰቡ የገበያ ዘንቢል በሁለቱም አገር ቀለለ፤ የሸክሙ ድልድል ግን አንድ አልነበረም። የአይስላንዱ ውድቀት ሁሉንም በመጠኑ ሲነካ የላትቪያው ሥራውን ያጣውን ሰው ለይቶ ነበር የመታው። ለእኔ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ባለዕዳ ሆኖ የተገኘው የአይስላንድ ቤተሰብ ግን ይህን አባባል በቀላሉ እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ።

የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለዚህ ጉዳይ የሚሉት ብዙ ነው፤ እዚህ የሚበቃን ትንሹ ነው። ሚልተን ፍሪድማን በ1957 ሰው ወጪውን የሚያስተካክለው በዛሬ ገቢው ሳይሆን ዘላቂ ነው ብሎ በሚያምነው ገቢ ነው አለ። እንዲህ ከሆነ ፍጆታ ከገቢ ይልቅ የተረጋጋ መሆን አለበት፤ በክፉ ቀን ከቁጠባ ይበላል፣ በደግ ቀን ይቆጠባል። ጄምስ ዱዘንቤሪ ከርሱ ቀድሞ በ1949 ሰው ወደላይ የወጣ ኑሮውን ወደታች ለማውረድ እንደሚታገል ጽፎ ነበር፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ። በበለጸጉት ትናንሽ አገሮች መረጃው ከእነዚህ አስተሳሰቦች ጋር ይስማማል። በታዳጊዎቹ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ማርክ አጊያርና ጊታ ጎፒናት በ2007 ባሳተሙት ጥናት በታዳጊ ክፍት ኢኮኖሚዎች የፍጆታ መዋዠቅ ከገቢው መዋዠቅ በ40 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳዩ። የእነርሱ ማብራሪያ በእነዚህ አገሮች የሚመጣው ድንጋጤ ጊዜያዊ ሳይሆን የዕድገቱን አቅጣጫ ራሱን የሚለውጥ ስለሆነ ሰው ወዲያው ወጪውን ያስተካክላል የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ ጥፋቱ የብድር ነው ይላሉ፤ አገሩ ደህና ሲሆን የውጭ አበዳሪ ይጎርፋል፣ ሲታመም በአንድ ቀን በሩን ይዘጋል። ከአይስላንድና ከላትቪያ ታሪክ የምረዳው ሁለተኛው ይበልጥ እንደሚያስኬድ ነው። እነዚያ ቤተሰቦች በ2007 ስለ ወደፊቱ በጥልቅ አስበው አልነበረም የሸመቱት፤ ባንኩ ስለሰጣቸው ነበር።

የአማካዩ ቤተሰብ ችግር

እስካሁን «ቤተሰቡ» እያልኩ ስጽፍ አንድ ዓይነት ቤተሰብ ያለ አስመስያለሁ። የፍጆታ ድምር ግን በነፍስ ሳይሆን በገንዘብ የሚመዘን ነው። አንድ ሀብታም የሚያወጣው የሃያ ድሃ ቤተሰቦችን ወጪ ካከለ በድምሩ ውስጥ ያለው ድምፅም የሃያ ቤተሰብ ነው። የዋጋ ግሽበት የሚለካበት የዕቃዎች ሚዛንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኤርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው፣ በትንሿ የሳክሶኒ መንግሥት ውስጥ ሲሠራ፣ የቤልጅየም ሠራተኛ ቤተሰቦችን የወጪ መዝገብ መርምሮ በ1857 ቤተሰቡ ድሃ በሆነ ቁጥር ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ይበዛል ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ይህን ግኝት ማስተባበል የቻለ የለም። ዛሬ በድሃ አገሮች ምግብ ከቤተሰብ ወጪ ግማሽ የሚጠጋውን ሲወስድ በሉክሰምበርግና በአየርላንድ ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። በአንድ አገር ውስጥም በድሃውና በሀብታሙ ቤተሰብ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አለ። ስለዚህ ምግብ ብቻ 30 በመቶ በተወደደበት ዓመት መግለጫው የሚጠቅሰው አማካይ ግሽበት የድሃውን ጭንቀት ያሳንሰዋል፤ የቴሌቪዥንና የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ መርከሱ አማካዩን ያለዝበዋልና።

በዋጋና በመጠን መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚስቱት ዜና ጸሐፊዎች ናቸው። የ2022 ሽያጭ በብዙ አገሮች በገንዘብ ሲታይ ጨምሮ፣ የዋጋ ጭማሪው ተቀንሶ ሲታይ ግን ቀንሶ ነበር። ሰው የበለጠ ከፍሎ ያነሰ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

የናሙና ጥናቱም የራሱ ድክመት አለው። የቤተሰብ ወጪ ጥናት የሚካሄደው የተመረጡ ቤተሰቦች ወጪያቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ በማድረግ ነው። ሀብታሞች በራቸውን ለጠያቂ አይከፍቱም። ሌላው ሁሉ መጠጥና ሲጋራውን አሳንሶ ይጽፋል፤ ይህ በየትኛውም አገር የታወቀ ነው፤ ስታቲስቲክስ ቢሮዎችም የኤክሳይዝ ታክስ መዝገብን አይተው ያስተካክሉታል። በትንሽ አገር ጥናቱ የሚያገኛቸው ቤተሰቦች ጥቂት ስለሚሆኑ ውጤቱን ለክልል ወይም ለገቢ ደረጃ ከፋፍሎ ማቅረብ አደገኛ ነው።

ራስ መቁጠርም መረሳት የለበትም። ማልታ በ2011 ቆጠራ 417 ሺህ ሕዝብ ነበራት፤ በ2021 ቆጠራ 519 ሺህ ሆነ፤ አብዛኛው ጭማሪ ለሥራ የመጣ የውጭ ሰው ነው። በአሥር ዓመት ሕዝቡ በሩብ ባደገበት አገር ጠቅላላ ፍጆታ ማደጉ ዜና አይደለም፤ ባያድግ ነበር የሚገርመው። ላትቪያ ደግሞ በ2000 ከነበራት 2.4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ዛሬ የቀራት 1.9 ሚሊዮን የማይሞላ ነው። እዚያ ጠቅላላ ፍጆታው ባለበት ቢቆም እንኳ የቀረው ሰው በአማካይ የተሻለ ሸምቷል ማለት ነው። የማልታ ጋዜጣና የላትቪያ ጋዜጣ አንድ ዓይነት 3 በመቶ ዕድገት ቢያትሙ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ኑሮዎች ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስጨንቀው ፖሊሲ አውጪውን ነው። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ለቤተሰብ ገንዘብ በመስጠት ወይም ታክስ በመቀነስ ገበያውን ማሟሟቅ የተለመደ መድኃኒት ነው። በትልቅ አገር የተሰጠው ገንዘብ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየዞረ ሥራ ይፈጥራል። በትንሽ አገር ግን ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ዙር በኋላ ለውጭ ላኪ ደርሶ ይቀራል፤ የአገሬው ድርሻ የጉምሩክ ቀረጡ፣ የመጓጓዣውና የሻጩ ትርፍ ነው። ስለዚህ በትንሽ አገር ድጎማው የሚሻለው በአገር ውስጥ ለሚሠራ አገልግሎት፣ ለሕፃናት እንክብካቤ፣ ለቤት ጥገና፣ ለሕዝብ ትራንስፖርት ሲሆን ነው። ቴሌቪዥን መግዣ መስጠት የሌላ አገር ፋብሪካን መደጎም ነው።

አሁን የተጨመረው ችግር ሸመታው ወደ ስልክ መግባቱ ነው። ቀድሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በአስመጪና በመደብር በኩል ስለሚያልፍ የትም ቦታ ላይ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ቤተሰቡ ራሱ አስመጪ ሆኗል፤ ጥቅሉ ከውጭ መጋዘን ተነሥቶ በፖስታ በቀጥታ ቤት ይደርሳል፤ የፊልም፣ የሙዚቃና የጨዋታ ወርኃዊ ክፍያ ደግሞ ጥቅልም የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ዋጋቸው ከ22 ዩሮ ያልበለጠ ጥቅሎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ያደርግ የነበረውን ሕግ በጁላይ 2021 የሻረው አንድም ለታክሱ፣ አንድም የአገር ውስጥ ነጋዴው በደረሰበት ጫና ነው። ለስታቲስቲክስ ቢሮዎች ሻጩ ሩቅ፣ ገዢው በሚሊዮን የሚቆጠር ስለሆነ አሁን የሚቀርባቸው ባንክ ነው። የካርድ ክፍያ መረጃ ነዋሪው ለየትኛው አገር ሻጭ ስንት እንደከፈለ በቀናት ውስጥ ያሳያል፤ በትንሽ አገር ደግሞ ባንኮቹ ጥቂት ስለሆኑ ሁሉንም ማግኘት ይቻላል። የጎደለው ጥሬ ገንዘብ የሚጠቀመው ሰው ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ አዛውንቱ፣ የገጠሩና የድሃው ቤተሰብ ነው።